ቁናው ሳይራገፍ

ሐምሌ ነው፤ መራዊ። የቆጋ ግድብ ሞልቷል፤
የቢሯችን ጣሪያ በዶፍ ይደለቃል።
ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ሣጥን አለች፣
የውኃውን ቁመት የምትናገር ነች፤
ሆዷ ውስጥ ከርነል ነው፣ ከዚያም ውስጥ ድራይቨር፣
ክረምቱን በሙሉ ስጽፍ ስሰርዝ ሳድር።

ሥራው ቀላል ነበር፦ ከውስጥ ያለን ቁጥር
አውጥቶ ከደጅ ላለ ጠያቂ መስፈር።

ማክሰኞ ማለዳ ጥጋቡ መጣና፣
የቦዩ ተቆጣጣሪ፣ ጭቃ ቦቲውን ደጅ ላይ አወለቀና፣
ስልኩን ዘረጋልኝ።
«ቁመቱስ ይኸው ነው፣ አሥራ ስምንት ከአርባ፤
ከኋላው ያለው ነው እኔን ያደናገረኝ።»

አየሁት።
የእንዳላማው ስም ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ
የዋናው በር መክፈቻ፣ የይለፍ ቃሉ፣
ከውኃዬ ጭራ ላይ ተንጠልጥሎ።
በጋ ቢሆን ኖሮ፣ የውኃ ተራ ወንድማማች በሚያጣላበት፣
ያን ቃል ያየ ሁሉ የጎረቤቱን ቦይ ወደ ማሳው በመለሰበት።

ማንም አልሰረቀም። ማንም አልሰበረም።
እኔው ነኝ። ሠላሳ ሁለት ባይት አዘጋጀሁ፣
አሥራ ሁለቱን ሞላሁ፣
የቀረውን ባዶ ነው ብዬ ተውሁ፣
እንዳለ ገልብጬ ለደጁ ሰጠሁ።
ባዶ የምንለው ስፍራ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም፤
ትናንት ያደረበት ጠርጎለት አይሄድም።

ያኔ ትዝ ያለኝ አባቴ ነው፤ ዳንግላ፣
የማኅበሩ ጎተራ ቁልፍ ያዥ ሳለ።
ሰው ለብድር እህል በክረምት ሲሰለፍ
የጎተራውን ደፍ አንድም እግር አያልፍ።
«ከደጅ ቆይ» ይለዋል፤ «ጆንያህን አሳየኝ።»
ወደ ብርሃን ያነሣዋል፣ ያገላብጠዋል፦
ያንተ ነው? ምን ያህል ይይዛል? ቀዳዳስ አለበት?
አንዱ ብልጣብልጥ አንድ ቀን
ጣቱን በአባቴ ትከሻ ላይ ወደ ውስጥ ቀስሮ
«የኔ ጆንያ እዚያ ነው፣ እዚያ ላይ ገልብጥልኝ» አለው፤
የጠቆመው የማኅበሩን የዘር ክምር ነበር።
አባቴ ሳቀ። ከመዝገቡ ግን ስሙን ሰረዘው።

ደግሞም በሩን ይዞ ጆንያ አይጠብቅም፤
የሰውየው ጆንያ ገና ከቤቱ እየመጣ እንደሆነስ ማን ያውቃል?
ሰፍሮ ይወጣል፣ ይዘጋል፣ ያኔ ደጅ ቆሞ ይገለብጣል።
መሬት የፈሰሰ ካለ፣ ሳይገባ የቀረ፣
«ሰጥቻለሁ» ብሎ አይጽፍም፤
የጎደለውን ቆጥሮ የጎደለውን ይናገራል።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ጤፉን ከመንካቱ በፊት፣
ቁናውን ይደፋዋል፣
በመዳፉ ይመታዋል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣
ከአክርማው ስፌት መሃል የትናንት ዳጉሳ እስኪረግፍ።
«ሁለት ፍሬ ዳጉሳ ምን ያደርጋል፣ አባዬ?»
«የሰው ነዋ፣ ባንች።»

መገልበጥ። ለቁናም ለጽሑፍም አንድ ቃል፤
እኔ ግን ሁለት ዓመት ስገለብጥ ኖሬ
ሳላራግፍ መስፈሬን ገና ያን ዕለት አወቅሁ።

አንድ መስመር ጨመርሁ፦ ከመሙላቴ በፊት
ዕቃው ሁሉ ዜሮ ይሁን።
ርዝመቱን ለካሁ። አድራሻውን ጠየቅሁ፣ የማን ነህ?
መቆለፊያውን ለቀቅሁ፣ ከዚያ ገለበጥሁ፤
ሳይሻገር የቀረ ባይት አለ? የለም።
ጥጋቡ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፦
አሥራ ስምንት ከአርባ። ከዚያ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣
እንደታጠበ ጣሳ።
«ይኼስ ደግ ነው» አለና ቦቲውን ሊያጠልቅ ወጣ።

እንዳላማው ወዲያው ቃሉን ቀየረ።
የቀድሞው ምን እንደነበር እዚህ አልጽፈውም፤
ቁጥር ይሁን፣ የሰው ስም ይሁን፣ አልናገርም።
የሰው ነው።
ከዕቃዬ ጠርጌዋለሁ፤ ከራሴ ግን መች ይረግፍልኛል?
ግድቡ ላይ ስንገናኝ
እሱ ጃንጥላውን ዝቅ ያደርጋል፣
እኔም የውኃውን ቁመት እንደማላውቅ ሰው
ጎንበስ ብዬ ምልክቱን አነባለሁ።